አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ለሚቀመጡት ክቡር ኃላፊ

ለከተማችን የውበትና የአየር ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣
አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ፣ በሩ ባለ ሁለት ተከፋች የሆነው ክፍል፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? አንገትዎን አሁንም ይይዘዎታል? ለወጉ ያህል እየጠየቅሁ አይደለም፤ የኤርኮንዲሽነርዎ የአሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ቅዝቃዜ በቀጥታ ማጅራትዎ ላይ እንደሚያርፍ ስለማውቅ ነው። ወንበርዎን ከማሽኑ ሥር ፈቀቅ ቢያደርጉት ይሻላል ብዬ ሁለት ጊዜ አሳስቤ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልክ ላይ ነበሩ። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን። ትንሽ ይሞቀናል እንጂ ሌላ ችግር የለብንም።

ስሜን ብነግርዎ አያስታውሱትምና አላደክምዎትም። በየሦስት ወሩ መሰላል ተሸክሜ ቢሮዎ እየገባሁ የኤርኮንዲሽነርዎን ፊልተር የማጥበውና ጋዙን የምለካው ሰውዬ ነኝ። ስድስት ዓመት ስንተዋወቅ እርስዎ ያዩት የጫማዬን ሶል ነው፤ እኔም ከላይ ወደ ታች ሳይ የማውቀው መሃል አናትዎን ብቻ ነበር። በቀደም ለታ ግን ፊት ለፊት ተያየን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ መተያየት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እርስዎ ያውቁታል፤ ቢሆንም ታግሠው ያንብቡ፣ ክፍሉ እንደሆነ ቀዝቃዛ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት ከጽሕፈት ቤትዎ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው ያለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። በምዕራብ በኩል ካለው አጥር ሥር ዐሥራ ሰባት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ለክፍሎቹ ጥላ የሚሰጡት እነሱ ነበሩ። ዐምና መንገዱን ለማስዋብና የመኪና ማቆሚያውን ለማስፋት በእርስዎ ፊርማ ተቆረጡ። ከዚያ በኋላ የልጄ ክፍል ተማሪዎች ስለ ዓለም አየር መሞቅ የተማሩትን ይዘው፣ የእኛስ ክፍል ስንት ደረሰ ብለው ተነሡ። ዓመቱን ሙሉ፣ በየትምህርት ቀኑ፣ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱን እየለኩ በደብተር ጻፉት። ሠላሳ አምስት አለ፣ ሠላሳ ሰባት አለ፣ አንድ ቀን ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ገባ። በዚያ ቀን አንዲት ተማሪ ከወንበሯ ተንሸራትታ ወደቀች። ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን «ወደቀች፤ ውሃ ሰጠናት፤ ተነሣች» የሚል ተጽፏል።

ሦስት ደብዳቤ ጻፉልዎ። ዛፎቹ ይተከሉልን፣ ክፍሎቹ ኮርኒስ ይግባላቸው፣ ከእንግዲህ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት በጥላው ሥር የሚቀመጠው ሰው ይጠየቅ የሚል ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው። አራተኛውን ደብዳቤ ሁለት መቶ ያህል ሆነው በእግራቸው ይዘው መጡ።

ሰልፉን ያዘጋጁት እነሱ ናቸው፤ ደንቡንም ያወጡት እነሱው ናቸው። አዋቂ መደገፍ ከፈለገ ከኋላ ይሁን፣ ጽሑፍ አይያዝ፣ መፈክር አያሰማ፣ ማንም ቢጠይቀው ወደ ልጆቹ ይምራ፣ ሥራው ውሃ መሸከም ይሁን ይላል። ለሥራው የመለመለችኝ ልጄ ናት። ቤት ውስጥ ሻለቃ ነው የምንላት፤ ለምን እንደሆነ አንድ ጠዋት ቁርስ አብረዋት ቢበሉ ይገባዎታል። ሃያ ሊትር ጀሪካን አሸክማኝ፣ ኩባያውን በሲባጎ አንገቴ ላይ አንጠልጥላልኝ፣ እንዳታወራ ብላ አስጠንቅቃኝ ወደ ፊት ሄደች። እኔም ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህርና ከሁለት እናቶች ጋር ከመጨረሻው ረድፍ በስተኋላ ቆምሁ። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስላዩኝ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ከጥበቃዎችዎ ጋር ደረጃውን ሲወርዱ ልጄ ከሁሉም ፊት ደብተሩን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማ ነበር። እርስዎ በአጠገቧ አለፉ። ሁለት መቶውን ልጅ እንደ በር መጋረጃ ገለጥ ገለጥ እያደረጉ እስከ መጨረሻው ረድፍ መጥተው እኔ ፊት ቆሙና፣ «ማሽኑን ልትሠራ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለሆነ ልቤ ተነክቷል። አይ ጌታዬ፣ ውሃ ላቀብል ነው ብዬ ስመልስልዎ ፊትዎ ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ስለ በጀት፣ ስለ ከተማው ዕድገት፣ ወጣቶችም የሌሎች መሣሪያ መሆን እንደሌለባቸው ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጡኝ። ለእኔ ነው የሰጡኝ፤ ጀሪካን ለያዝሁት። ጥያቄው የልጆቹ ነው፣ መልሱን ለእሷ ይስጧት ብዬ በእጄ ባሳይዎት ወደዚያ ዞሩ። እውነቴን ነው፣ ብዙ ፈለጉ። ግን ያዩት ልጆችን ብቻ ስለነበረ ማንም የለም ብለው ደምድመው ተመለሱ፤ ደረጃውን ሲወጡም በዚያው በልጄ ጎን አለፉ። ደብተሩን እንደያዘች ነበረች።

ሁለተኛ፣ ስለ አጣሪ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። ስለ ሙቀቱ አንድም ሰው ሳይመድቡ ስለ እኔ አምስት ሰው መመደብዎ ትልቅ ክብር ነው። የኮሚቴው ሦስት ገጽ ሪፖርት በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ እኔም እንደማንኛውም ሰው ቆሜ አነበብሁት። «ከተማሪዎቹ ጀርባ የአዋቂ እጅ እንዳለ ተረጋግጧል» ይላል። እጁ የተረጋገጠው በሁለት ማስረጃ ነው። አንዱ «ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ የያዘ ሃያ ሊትር ዕቃ» ነው። ይህን ፈሳሽ ሁለት መቶ ልጅ ጠጥቶት ማንም ምንም አልሆነም፤ ከኮሚቴው አባላት አንዱም ጠጥቷል። ኩባያውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ፣ እንዲያውም ድገመኝ ብሎኛል።

ሌላው ማስረጃ ልጆቹ ይዘዋቸው የነበሩት ጽሑፎች ናቸው። ሪፖርቱ «በፋብሪካ ደረጃ የተመረቱ፣ በጀርባቸው የውጭ ድርጅት ምልክትና የምሥጢር ምስል ያለባቸው ሰሌዳዎች» ይላቸዋል። ክቡር ሆይ፣ ካርቶን ናቸው። ኤርኮንዲሽነር ታሽጎ የሚመጣባቸው፣ ወርክሾፔ ጥግ ተቆልለው የነበሩ ካርቶኖች። ልጆቹ ቀደው ወሰዷቸው፣ በባዶው ገጽ ላይ ጻፉበት። በጀርባ ያለው የምሥጢር ምስል የብርጭቆና የጃንጥላ ሥዕል ነው፤ ዕቃው ተሰባሪ ስለሆነ ተጠንቀቁ፣ ዝናብ አታስነኩት ማለት ነው። ከመካከላቸው ትልቁ፣ ልጄ «ጥላችንን መልሱ» ብላ የጻፈችበት፣ የእርስዎ ቢሮ ማሽን የመጣበት ካርቶን ነው። የውጭ ድርጅት ያሉት እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ራሱ ጨረታ አውጥቶ ማሽኑን የገዛበትን ድርጅት ነው። ኮሚቴው ይህን ለማወቅ ከወንበሩ ተነሥቶ ከራሱ በላይ ያለውን ማሽን ስም ማንበብ ይበቃው ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ቴርሞሜትሩ። ይህንስ አልክድም፣ ምን ቆርጦኝ! የእኔ ነው። ልጄ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ ጠየቀችኝና ሰጠኋት፤ ስትመልስልኝም እንዳይሰበር በካልሲ ጠቅልላ ነው። ኮሚቴው ይህችን መሣሪያ ይዞ፣ ቁጥሮቹን የፈጠራቸው አዋቂው ነው ሲል ወሰነ። ለውሳኔው ያቀረበውን ምክንያት ሳነብ ግን እጄን በአፌ ላይ ጫንሁ። በሠላሳ ዘጠኝ ተኩሉ ቀን በጽሕፈት ቤቱ የመሰብሰቢያ አዳራሽ የተመዘገበው ሙቀት ሃያ አንድ ዲግሪ ብቻ ስለነበረ፣ መንገድ ማዶ ያለ ክፍል ይህን ያህል ሊሞቅ አይችልም ይላል። ክቡርነትዎ፣ ያንን ሃያ አንድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማሽኑን አጥቤ፣ ጋዙን ሞልቼ፣ በእጄ ነው ያስተካከልሁት። ሥራዬ ጥሩ መሆኑን በማኅተም ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በመንገዱ ማዶ ባለው ቆርቆሮ ሥር ማንም ምንም አልገጠመም።

አራተኛ፣ በዛፎቹ ቦታ ስለቆሙልን ዐሥራ ሰባት የሲሚንቶ ማሰሮዎችና በውስጣቸው ስላሉት የፕላስቲክ አበቦች ከልብ እናመሰግናለን። ውሃ አይጠይቁም፣ ቅጠል አያራግፉም። የሦስተኛው ማሰሮ አበባ ብቻ በፀሐይ ቀልጦ አንገቱን ደፍቷል፤ ልጆቹ እሱንም ከነቀኑ መዝግበውታል።

አምስተኛውን ምስጋና ግን ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ከሰልፉ በኋላ በአራተኛው ቀን ደብተሩን የያዙት አምስት ልጆች ከትምህርት ታገዱ፤ ልጄ አንዷ ናት። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ዐሥራ አምስት ቀን ነበር የቀረው። ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም፤ ደህና ሰው ናቸው፣ ወረቀቱ የመጣው ከእርስዎ ዘንድ መሆኑንም አልደበቁኝም። «ሰልፉን ያነሣሣሁትና የሙቀት ቁጥሮቹን የጻፍኋቸው እኔ ነኝ፤ ተማሪዎቹ የሚያደርጉትን አያውቁም ነበር» ይላል። ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው። እኔ ስፈርም አምስቱም ይገባሉ፣ ካልፈረምሁ አምስቱም ፈተናው ያመልጣቸዋል። አንድ ዓመት ይደግማሉ ማለት ነው፤ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ቆርቆሮ ሥር።

የእኔ ልጅ ብቻ ብትሆን አንድ ነገር ነው። የሌሎቹ አራት ልጆች ወላጆች ወርክሾፔ ድረስ መጡ። ማንም አልጮኸብኝም፤ አንደኛው አባት እጄን ይዞ ቆየ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ነገር አታንዛዛም። ለአንተ ስም ብለህ የልጄን ዓመት አታቃጥል፣ ፈርምና አስገባልኝ አለችኝ። አመንታሁ። ሦስት ቀን ሆድና ጀርባ ሆነን ከረምን፤ ምግብ ስታቀርብልኝ እንኳ ሳህኑን ነው የምታናግረው። እንዲፈርም የታዘዘ አባት ቤት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፍላጎት ካለዎት እንዲህ ይመስላል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ልፈርም ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ልፈርም ስክሪብቶ አንሥቻለሁ። ለእኔ ምን ይቀርብኛል? ውሸታም ተብዬ ማሽን መጠገን አልከለከል። በዚያ መካከል አምስቱም ልጆች ወርክሾፕ ገቡና ካርቶን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የተናገረችው ሻለቃ ናት። «አባዬ፣ ከፈረምክ ያቺ ልጅ አልወደቀችም ማለት ነው» አለችኝ። የወደቀችውም እዚያው ካርቶን ላይ ከአምስቱ መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች። ስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች አንድ ዓመታቸውን ለመክፈል ተስማምተው ሲመጡ፣ ክቡር ሆይ፣ ከኋላቸው እጅ የሚፈልግ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢፈልግ አያገኝም።

ስለዚህ ወረቀትዎን አልፈረምሁም። ነገር ግን ከእኔ አንድ የእምነት ቃል መቀበል ለኮሚቴው በጣም እንደሚያስፈልገው ስለገባኝ፣ ባዶ እጅዎን አልመልስዎትም፤ እውነተኛውን እሰጥዎታለሁ። ዐምና ዛፎቹ ሲቆረጡ የት ነበርሁ? እርስዎ ቢሮ፣ መሰላሌ ላይ። በመስኮቱ ወደ ታች ይታየኝ ነበር። አራተኛው ዛፍ ሲወድቅ መጋዙ ስልክ አላናግር ስላለዎ ቀና ሳይሉ መስኮቱን ዝጋው አሉኝ፤ ዘጋሁት። ቀጥለውም ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ዳር ዳሩን አሽገው አሉኝ፤ ጨርቄን ማቄን ሳልል ሲሊኮን አውጥቼ ዙሪያውን አሸግሁት። ጥሩ አድርጌ ነው ያሸግሁት፣ ሥራዬ ነዋ። ያቺ ቴርሞሜትር በዚያን ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበረች። የውጪውን ሞተር፣ ያን ቀንና ሌሊት ሙቅ አየር የሚተፋውን፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል አዙሬ የሰቀልሁትም እኔ ነኝ። ልጄ ማዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አንድም ቃል አልተናገርሁም። የአዋቂ እጅ ከፈለጉ እጁ ያ ነው፤ ከልጆቹ ጀርባ ሳይሆን ከእርስዎ ጀርባ፣ መሰላል ላይ ነበር። በዚህ ላይ እፈርማለሁ፣ ከታችም ፈርሜያለሁ።

ባለቤቴን በተመለከተ፣ ስለ እሷ ቢጨነቁ ደስ እንደሚላት አውቃለሁና ልንገርዎ። የልጆቹን ነገር ነገርኋት። በማግሥቱ ያንን የፊርማ ወረቀት ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ለካ ቆርጣ የኮሌታ ልክ አውጥታበታለች፤ ጠንከር ያለ ጥሩ ወረቀት ነው ብላለች። በእሱ ልክ ለሻለቃ አዲስ የደንብ ልብስ ሰፍታላት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከትናንት ጀምሮ እኔንም ታናግረኛለች።

ፈተናው ዛሬ ስድስት ቀን ይቀረዋል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው፤ እገዳውን ያንሡ። ለዚህ የእኔ ፊርማ አያስፈልግም፤ ለመቁረጡ የበቃችው የእርስዎ ፊርማ ለመመለሱም ትበቃለች። አይሆንም ካሉ ደግሞ አምስቱ ልጆች በፈተናው ዕለት ጠዋት እርሳሳቸውን ይዘው፣ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ይመጣሉ። በሩ ከተዘጋባቸው መንገዱን ተሻግረው ከመስኮትዎ በታች፣ ከሲሚንቶ ማሰሮዎቹ መካከል ይቀመጣሉ። ሌሎቹስ ምን ያደርጋሉ ብዬ ሻለቃን ስጠይቃት፣ አንተ ውሃው ላይ አተኩር አለችኝ። ስለዚህ አላውቅም።

ጊዜዎን ስለሠዉልኝ፣ ባይሠዉልኝም ስለ ሃሳቡ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ለክቡርነትዎ ዕድሜን፣ ለማጅራትዎ ፈውስን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን እየተመኘሁ፣

የኮሚቴዎ የጥናት ውጤት፣ የዐሥራ ሰባቱ ዛፎች ዝምተኛ ምስክር፣ የሻለቃ ውሃ አቅራቢ፣
የቢሮዎ ኤርኮንዲሽነር ሠራተኛ የነበርሁ፣
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለርእሰ መምህሩ፤ ለአጣሪ ኮሚቴው አምስት አባላት፣ በተለይ ሁለት ኩባያ ለጠጣው።

ማሳሰቢያ፦ «የነበርሁ» ያልሁት ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቢሮዎ ስለማልመለስ ነው፤ ቁልፉን ለጥበቃው አስረክቤያለሁ። ማሽኑ ጋዝ እያፈሰሰ መሆኑን ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ በሥራ ቅጽ አመልክቼ እንደ ልጆቹ ደብዳቤ መልስ አላገኘሁም። በእኔ ግምት ከሳምንት በላይ አይቆይም። ሲቆም እባክዎን ከጀርባው የአዋቂ እጅ አይፈልጉ፤ በራሱ ነው የሚቆመው። ያን ጊዜ ክፍሉ ይታፈናል፣ መስኮቱንም መክፈት ግድ ይሆንብዎታል። ምላጭ ይያዙና ሲሊኮኑን ከታች በግራ በኩል ይጀምሩት፣ እዚያ ጋ ቀጠን አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት። መጀመሪያ የሚገባው ሙቀቱ ነው፤ አይደንግጡ፣ ስድስት ዓመት ከዚያ ክፍል ስናስወጣው የኖርነው ነው፣ ያውቅዎታል። ቀጥሎ የሚገባው የልጆቹ ድምፅ ነው። እሱን ግን እኔ አልላክሁትም።